የእንጦጦው ጸሐፊ፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከሰው ጋር የሚሄደው እውቀት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደገ ልጅ እንጦጦን የሚያውቀው በእግሩ ነው። በኪዳነ ምሕረት በኩል ያለውን ዳገት ጠበል ከሚወጡ ሰዎችና እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱ እናቶች ጋር እየተላለፍን ነው ያደግነው። ሸንተረሩን ይዞ ወደ ምዕራብ የዘለቀ ሰው ደግሞ እንጦጦ ማርያምንና እንጦጦ ራጉኤልን ያገኛል። ራጉኤልን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እዚያ ደብር ተምሮ፣ እዚያው ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ አንድ ወጣት ኋላ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደ ሆነ ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው። ያውም ስለ ሌላ ነገር ሳነብ።

ሌላው ነገር ምን መሰላችሁ? የእውቀት አስተዳደር የሚባለው ትምህርት ነው። በድርጅታዊ ኮሙኒኬሽን ኮርስ ላይ ሁላችንም የወሰድነው ስለሆነ ብዙ አልደግመውም። ባጭሩ ግን ኖናካና ታኬውቺ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው እውቀት ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ። አንደኛው በወረቀት የሰፈረው፣ በመመሪያና በፋይል የሚገኘው ነው። ሁለተኛው በሰው እጅና በሰው ልብ ውስጥ ያለው፣ ባለቤቱ ራሱ ጠይቃችሁት በደንብ ሊያስረዳችሁ የማይችለው ነው። ምሳሌያቸው የዳቦ ማሽን ነው። የማትሱሺታ ኩባንያ በ1980ዎቹ የሠራው የዳቦ መጋገሪያ ሊጡን በደንብ ማቡካት እምቢ ሲለው፣ አንዲት ሠራተኛ በኦሳካ ወደሚገኝ ሆቴል ሄዳ ከዳቦ ጋጋሪው ጎን ቆማ አቦካች። ሰውየው ሊጡን እየሳበ እንደሚጠመዝዘው በእጇ አየችው እንጂ ማንም አልነገራት። ከዚያ ወደ መሐንዲሶቹ ተመልሳ ያየችውን በቃል አስረዳች፣ ማሽኑም ተስተካከለ።

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የቅኔ ቤት ነው። አጎቴ የቆሎ ተማሪ ነበር። የጎጆውን፣ የለማኝነቱንና የውሻውን ታሪክ ሲያጫውተን አድገናል። እናም የእውቀት አስተዳደር የሚባለውን በአገራችን የኖረው ማነው ብዬ ስፈልግ ደጋግመው የመጡልኝ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ መርሐቤቴ ነው። ያኔ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ የለችም። ኅሩይ ገና ልጅ ሳሉ ምኒልክ ከነሠራዊታቸው እንጦጦ ጫፍ ላይ ከትመው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወደ ፍል ውኃው መውረድ ተጀመረ፤ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ግን እዚያው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ በ1882 ዓ.ም. ነው። ቤተ መንግሥቱ ቢወርድም አድባራቱ አልወረዱም። ሊቃውንቱ፣ ደብተሮቹና ተማሪዎቹ ዳገቱ ላይ ቀሩ። ወጣቱ ኅሩይም ከመርሐቤቴ የጀመሩትን የቤተ ክህነት ትምህርት ይዘው የደረሱት እዚህ ነው።

እስቲ የዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት እንየው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እየተባለ ይዘልቃል። መምህሩ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ግን ብዙ ነው። ታዲያ አንድ መምህር ያን ሁሉ ተማሪ እንዴት ያስተምሩታል? አያስተምሩትም። የላይኛው ተማሪ የታችኛውን ያስተምረዋል። ፊደል የቆጠረው ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደገመው ለንባብ ተማሪው ያስነብባል። በቅኔ ቤት ደግሞ አስቀጻይ የሚባል ነባር ተማሪ አለ። ጀማሪው ማታ የቆጠራትን ቅኔ ለመምህሩ ከመንገሩ በፊት ለእሱ ይነግረዋል፣ ይታረማል። ሲያስተምር ደግሞ አስቀጻዩ ራሱ ይጠናከራል። ሌቭና ዌንገር የሚባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1991 የላይቤሪያን ልብስ ሰፊዎች ጭምር ምሳሌ አድርገው፣ ሰው ከሥራው ዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መሐል እየገባ ይማራል ሲሉ ዓለም ተደነቀ። የእኛ አስቀጻይ ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም ሃንድአውት ላይ አልገባም። (ይህን ስል መምህሮቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል ብዬ ነው።)

ይህ አሠራር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ይቆጠራል። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። አንድ ባለቅኔ በማኅሌት ላይ የዘረፈው ግሩም ቅኔ በዚያ ሌሊት የሰማ ሰው በቃሉ ካልያዘው፣ ቄጤማው ከመጠረጉ በፊት ጠፋ ማለት ነው። የሰማው ሰው ሲሞት ደግሞ ዳግመኛ ይጠፋል። ኅሩይ ያደጉት በዚህ መካከል ነው፤ እውቀት ከሰው ወደ ሰው ሲሄድም፣ ከሰው ጋር ሲቀበርም በዓይናቸው እያዩ ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ የጀመረው ከዚህ ነው።

በራጉኤል ጸሐፊ ሆኑ። የደብር ጸሐፊ ማለት ዛሬ መዝገብ ቤት የምንለውን በአንድ ራሱ የሚይዝ ሰው ነው። የመሬቱን፣ የንዋየ ቅድሳቱን፣ የመጻሕፍቱን፣ ማን ምን እንዳለው ያውቃል። ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሥራ ተሳቡ። ውጭ አገር ተልከው አልተማሩም፤ የቀለም ትምህርታቸው የቤተ ክህነቱ ነው። የውጪውን ዓለም ነገር የለመዱት ከሥራ ላይ ነው፣ ከመልእክተኞች ጋር በመጓዝ። በ1903 ዓ.ም. በደጃዝማች ካሣ የተመራው መልእክተኛ ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲሄድ ኅሩይ አብረው ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ በደጃዝማች ናደው ከተመራው መልእክተኛ ጋር አሜሪካ ድረስ ዘለቁ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙም ተከትለዋል፤ ጉዞውንም ደስታና ክብር በሚለው መጽሐፍ ጽፈውታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። በዚያ ዘመን ባሕር የተሻገረው ሰው እሳቸው ብቻ አልነበሩም። መኳንንቱም ሄደዋል፣ ነጋዴውም ሄዷል፣ ኢየሩሳሌም የተሳለመው መነኩሴም ብዙ ነው። የሚበዙት ያዩትን ለቤተ ሰባቸው አጫወቱት፤ ጨዋታው ከእነሱ ጋር አለቀ። ኅሩይ ግን ጻፉት። ዛሬ አንድ ባለሥልጣን ከነአጃቢው ለልምድ ልውውጥ ወጥቶ ሲመለስ ሪፖርቱ የት እንደሚገባ እናንተም እኔም እናውቃለን። የኅሩይ ሪፖርት ግን ታትሞ ገበያ ወጣ።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ሥራቸው የመጻሕፍቱ ዝርዝር ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዘርዝረው አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን የያዘ ካታሎግ አወጡ። ካታሎግ ሲባል ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት! መጻሕፍቱ በየገዳሙ በየዕቃ ቤቱ የተቀመጡ ናቸው፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ነገር ገና የለም። ምን መጽሐፍ እንዳለ የሚያውቁት ዕቃ ቤት ጠባቂዎቹና ሊቃውንቱ ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩን መሥራት ማለት በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ተበታትኖ ያለን ነገር አንድ ወረቀት ላይ ማምጣት ነው። አዲስ እውቀት አልፈጠሩም ይሉ ይሆናል። ምን ምን እንዳለን ማወቅ ግን ራሱ እውቀት ነው፤ የሌለውን ሰው ጠይቁት።

እኔ እንኳ የሌለውን አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለልምምድ ገብቼ ነበር። ስሙ ይቅር። መሥሪያ ቤቱ የተመሠረተበትን በዓል ሊያከብር ሽር ጉድ ይላል፤ የድሮ የምረቃ ፎቶግራፎች ተፈለጉ። መዝገብ ቤት ስንጠይቅ የሚያውቁት አንዲት እናት ብቻ እንደ ነበሩ ተነገረን። ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ በሰኔ ጡረታ ወጥተዋል። በኬክና በጋቢ ነው የተሸኙት። የት ምን እንዳለ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ ስንበላ ቆየን፣ አላገኘነውም። በመጨረሻ የጥበቃው ጋሼ ስልካቸውን ያውቁ ኖሮ ደወልን። እትዬ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከቡና ሳይነሱ፣ ፎቶው የትኛው ቁም ሣጥን፣ ከየትኛው ካርቶን ሥር፣ በምን ቀለም ፖስታ እንዳለ ነገሩን። ሄደን አወጣነው። ሁሉም ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ታክሲ ውስጥ ግን ሳስበው አላሳቀኝም። እትዬ ስልካቸውን ቀይረው ቢሆንስ ኖሮ?

ወደ ኅሩይ ልመለስ። በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን ያዘጋጁት ነው። የአገሪቱን ታዋቂ ሰዎች፣ ማን ከየት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራ በአጭር በአጭሩ ያስነብባል። ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሳያገላብጠው አያልፍም። በጋዜጠኛ ዓይን ካየነው ደግሞ የመጀመሪያው የፕሮፋይል ስብስባችን ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ቅሬታም አለኝ። የሚበዙት ባለ ማዕረጎችና ሊቃውንት ናቸው። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ የሉበትም። የእነሱም እውቀት ከእነሱ ጋር የሚሄድ ነበር፤ ያውም ከሊቃውንቱ ይልቅ። ኅሩይ በደብርና በቤተ መንግሥት መካከል ያደጉ ሰው ናቸውና ያዩትን ሰበሰቡ፤ ያላዩት ቀረ።

በ1918 ዓ.ም. ያወጡት መጽሐፈ ቅኔ ደግሞ ቅድም ያነሣሁትን ጉድለት በቀጥታ የሚነካ ነው። የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙት። ቄጤማው ሳይጠረግ ይጠፋ የነበረው ነገር በወረቀት ላይ ዋለ። በእርግጥ በወረቀት ላይ ያለ ቅኔ በማኅሌት ላይ እንደ ተሰማው አይሆንም። ዜማው፣ የሊቁ አቋቋም፣ የሰሚው እሰይ ማለት የለም። ኖናካም ሁሉን ነገር መጻፍ አይቻልም ይላል። ቢሆንም ዛሬ ለቅኔ ተማሪ ጎንደር ሳይወርድ፣ ጎጃም ሳይሻገር የአበውን ቅኔ የሚያይበት በር ሆኖለታል።

ለማሳተም ማተሚያ ቤት ያስፈልጋል። ኅሩይ የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ስሙም ጎሐ ጽባሕ ይባላል። የራሳቸውን መጻሕፍት ያሳተሙበት እሱ ነው። ከሃያ በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል። ያውም ሥራ ፈትተው አይደለም። በመካከሉ የአዲስ አበባ ከንቲባ ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያንንና የውጭ ዜጎችን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከ1923 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የጣልያን ለጋሲዮኖች ሁሉ የተተከሉት ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። የሰፈሬ ስምም ከዚያ የመጣ ነው። በወጣትነታቸው ከዳገቱ ላይ ቁልቁል ያዩት የነበረው ቆላ ኋላ የሥራቸው መስክ ሆነ ማለት ነው።

በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ጃፓን ተጓዙ። ብዙ ሰው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ከዚህ ጉዞ የተገኘ ይመስለዋል። ተገላቢጦሽ ነው፤ በጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ በተክለ ሐዋርያት ተረቅቆ ከታወጀ በኋላ ነው ኅሩይ የሄዱት። ሲመለሱ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ፤ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ንጉሠ ነገሥት ያላት፣ ባህሏን ያልጣለች ምሥራቃዊት አገር እንዴት በአጭር ጊዜ ይህን ሁሉ ተማረች? ከዓመታት በኋላ በ1946 ዓ.ም. ከበደ ሚካኤል ጃፓን እንደምን ሠለጠነች ብለው ያንኑ ጥያቄ አንሥተውታል። የእውቀት አስተዳደርን ለዓለም ያስተማሩት ጃፓናውያን መሆናቸውን ሳስብ፣ ኅሩይ በስድሳ ዓመት ቀድመው ትክክለኛው በር ላይ ያንኳኩ ይመስለኛል።

ግን እውቀት ይዞ መምጣት ብቻ በቂ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ለዚህ ምስክሩ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት አዲስ ዓለም የተባለው ልብ ወለድ ነው። ባለ ታሪኩ አወቀ ይባላል፤ ስሙን ልብ በሉ። ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል። አገር ቤት ሲደርስ ግን የተማረው ሁሉ ከዘመዶቹ ጋር ያጋጨዋል። የአባቱ ተዝካር፣ የሠርጉ ድግስ፣ ሁሉም ነገር ጠብ ይሆናል። ዘመዶቹ ክፉዎች አይደሉም፤ እሱም ትዕቢተኛ አይደለም። እነሱ አብረው ያልተማሩትን እሱ ብቻውን ተማረ፣ ችግሩ ይኸው ነው። ኅሩይ መፍትሔውን ያደረጉት አወቀ አሸንፎ እንዲወጣ አይደለም። ነገሩ ወደ ካህናቱ ጉባኤ ደርሶ፣ ተመክሮበት፣ ሥርዓቱ ራሱ እንዲሻሻል ነው። በኮርሱ ላይ አንድ ሰው ሠልጥኖ ቢመጣ መሥሪያ ቤቱ ካልተማረ ምንም አይለወጥም ብለን የጻፍነውን ኖት እሳቸው ልብ ወለድ አድርገውታል። እውነቱን ለመናገር መጨረሻው ትንሽ ቀለለብኝ። እንደዚያ በአንድ ጉባኤ የሚስተካከል ነገር አላየሁም። መካከሉ ግን የእኛው ቤት ነው።

በ1921 ዓ.ም. ዋዜማ የሚል የነገሥታት ታሪክ አሳትመው ነበር። ዋዜማ የበዓል ዋዜማ ነው፤ በዓሉ ገና ይመጣል ማለታቸው ነው። በዓሉ ከንግሥተ ሳባ እስከ አድዋ ድል የሚዘልቀው ትልቁ የኢትዮጵያ ታሪክ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መጽሐፉ ገና በማተም ላይ ሳለ የፋሺስት ጦር መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ሲወጡ ኅሩይም አብረው ወጡ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ያ ትልቁ ታሪክ ለብዙ አንባቢ የደረሰው እሳቸው ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ስደቱ ከባድ ነበር። በካምብሪጅ የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ አገር ቤት ቀርቶ በአርበኝነት ተሰለፈ፤ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሉት። የልጃቸውን ሞት የሰሙት በባዕድ አገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡባት ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው አረፉ። እዚያው ተቀበሩ። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኦክስፎርድ የተማረ ነው፤ ከነጻነት በኋላ የሳሙኤል ጆንሰንን ራስላስ ወደ አማርኛ መለሰው። አንድ እንግሊዛዊ አገራችንን ሳያይ ስለ እኛ የጻፈው ልብ ወለድ በአማርኛ የተነበበው በኅሩይ ልጅ እጅ ነው።

የብላቴን ጌታ ዐፅምም ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።

እትዬን ደግሞ በመስከረም ሄጄ አገኘኋቸው፤ መገናኛ አካባቢ ነው የሚኖሩት። አንድ ባለ መስመር ደብተር ይዤ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከመጀመሪያው ቁም ሣጥን የላይኛው መደርደሪያ ጀመርን። ሁለተኛው ጀበና ሲቀዳ ገና ከሦስተኛው አልወረድንም።